እናቴ ያወቀችው ገደል

ወንድሜ እናታችን ጃጅታለች ብሎ የወሰነው በአንድ የቴሌቪዥን ድራማ ምክንያት ነው።

ጊዜው በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነበር። እኔና እናቴ በመጣንበት የፈረንጅ ከተማ ዳር፣ ጄን ኤንድ ፊንች በሚባል ሰፈር፣ አንድ ረጅም ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ እንኖር ነበር። እኔ ሬክስዴል የሚባል ሰፈር ውስጥ ለአውሮፕላን መንገደኞች ምግብ በሚያዘጋጅ ኩሽና እሠራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ዶሮና ሩዝ በትንንሽ ሳህን ስደረድር እውላለሁ። ወንድሜ በብዙ ዓመት ይበልጠኛል። በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ስካርቦሮ፣ ቤት ገዝቶ ከሚስቱ ጋር ይኖራል። እኔንም እናታችንንም ስፖንሰር አድርጎ ያመጣን እሱ ስለሆነ፣ በቤተሰባችን ውስጥ የመጨረሻው ቃል የሱ ነበር። «ጋሼ» እያልኩት ነው ያደግኩት። እምቢ ብዬው አላውቅም።

እናታችን መጀመሪያ ያረፈችው እሱ ጋ ነበር። ጥቂት ወራት እንደቆየች ሻንጣዋን አሸክማኝ ወደ እኔ መጣች። ምክንያቱን ስጠይቃት፣ «ቤቱ በጣም ንጹሕ ነው፤ መቀመጥ ያስፈራል» አለችኝና ሌላ አልጨመረችም።

ድራማው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር የሚታየው። በየትኛውም ካርታ ላይ የሌለ አገር ታሪክ ነው። ጠንቋይ አለ፣ ዘንዶ አለ፣ አባቷ ሲሞት አጎቷ ዙፋኗን የነጠቃት አንዲት ልጅ አለች። ልጅቷ ሰይፍ ታጥቃ በፈረስ ካገር አገር ትዞራለች። እኔ ብዙ ቅዳሜ ኦቨርታይም ስለምገባ በቪዲዮ ካሴት እንዲቀዳልን አድርጌ እሄድና፣ ስመለስ አብረን እናያለን።

እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። መጀመሪያ ላይ እተረጉምላት ነበር። አንድ ቀን ግን፣ «እስኪ ዝም በይ» አለችኝ። «ቋንቋቸውን ባልሰማም ፊታቸውን አያለሁ። አንቺ ስትለፈልፊ ነው የሚያመልጠኝ።»

መርካቶ ውስጥ ሃያ ምናምን ዓመት ጨርቅ ሸጣለች። የሚገዛውን፣ ዋጋ ጠይቆ የሚሄደውንና እጁን ወደ ጣቃው የሚሰደውን ከሩቅ ትለያለች። ያ አንደበተ ለስላሳ የንጉሡ አማካሪ ከዳተኛ መሆኑን፣ እኔ ገና እየወደድኩት ሳለ ነግራኛለች። የንጉሡ ካባና የሽፍቶቹ አለቃ ካባ አንድ ካባ እንደሆነ፣ ገልብጠው እንዳለበሱት አሳይታኛለች። ልጅቷን «ያቺ ጎበዝ» ነው የምትላት። ያቺ ጎበዝ ሰይፏን ስትመዝ እናቴ የሶፋውን ትራስ ጭምቅ ታደርገዋለች።

ወሬው ወጣ። ከታች ፎቅ የምትኖር የቤተ ክርስቲያን ወዳጃችን አንድ ቀን ሳናስባት ብቅ ስትል፣ ጠንቋዩ ሙታን እያስነሳ ደረሰች። አማተበች።

«እትዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር እቤትዎ ያስገባሉ?»

«ሰብሮ አልገባም። እኔ ነኝ የከፈትኩት» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳታነሳ።

ሴትዮዋ የቀዳሁላትን ሻይ ሳትጨርስ ወጣች። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ወንድሜ ሰምቶ ጠበቀን። ያን ቀን ግን ብዙ አልተናገረም፤ «አሮጊት ናት፣ ምን ታድርግ፣ ይሰለቻታል» ብሎ አለፈው።

ነገሩ የከረረው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። በዚያ ሳምንት ክፍል ልጅቷ ከአጎቷ ወታደሮች ስትሸሽ ፈረሷ ከአንድ ገደል ጫፍ ደርሶ ይቆማል። ከገደሉ ግርጌ ማለቂያ የሌለው ውሃ ነው። ገደሉ ነጣ ያለ፣ አናቱ በዝናብ ተሸርሽሮ እንደ ጥርስ ወጣ ወጣ ያለ ነበር። ወታደሮቹ ሲደርሱ እናቴ ጮኸች።

«አቁሚው!»

ፖዝ አደረግኩት። ሥዕሉ እየተንቀጠቀጠ፣ ነጫጭ መስመር እያለፈበት ቆመ። እናቴ ከሶፋው ተነስታ ቴሌቪዥኑ ድረስ ሄደች። በጣቷ የገደሉን አናት ነካች።

«ይሄ የወንድምሽ ሰፈር ነው።»

ሳቅኩ። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ተረት ነው።»

«ተረት መሆኑን አጣሁት? ገደሉን ግን ሰው አልሠራውም። እሱ ጋ ሳለሁ እሑድ እሑድ አየር ተቀበይ እያለ የሚወስደኝ ቦታ ነው።»

አላመንኳትም። ባስበው ባስበው፣ ዘንዶና ንጉሥ ያለበት ነገር እኛ ባስ የምንሳፈርበት ከተማ ውስጥ ይሠራል ብዬ ማመን አቃተኝ። እንዲህ ያለው ነገር ሁሉ ሌላ ቦታ፣ ትልቅ ቦታ የሚሠራ ነበር የሚመስለኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ወንድሜ ሊጠይቃት ሲመጣ ነገረችው። ካሴቱንም አሳየችው። እሱ ግን ቴሌቪዥኑን ሳይሆን እሷን ነበር የሚያየው። ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረና በእንግሊዝኛ፣ ግራ እየገባት እንደሆነ፣ ሕልሟንና እውነቱን እያምታታች እንደሆነ ነገረኝ። ሐኪም ዘንድ አፖይንትመንት እንደሚይዝላት፣ ከዚያም እሱ ቤት እንደምትገባ፣ ከቤቱ ሥር ያለውን ቤዝመንት እንዳዘጋጀላት ዘረዘረልኝ። ታች ቴሌቪዥን አይኖርም አለ።

«እዚሁ ቁጭ ብዬ ስለ እኔ በፈረንጅ አፍ ታወራላችሁ?» አለች እናቴ።

እሱ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ ሕፃን እንደሚያባብል፣ «እማዬ፣ ይሄ ፊልም የተሠራው ሩቅ አገር ነው። ገደል ሁሉ ይመሳሰላል» አላት።

«ገደሉ እዚህ ከሌለ ያልከው ቤት እገባለሁ። አንድ ቃል አልናገርም» አለችው። «ካለ ግን እዚሁ እቀመጣለሁ። አንተም ሁለተኛ እንዲህ በዓይንህ አትመዝነኝም።»

ወንድሜ ፈገግ ብሎ «እሺ» አላት። ውርርዱን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። አብሮን እንዲሄድ፣ ቢያንስ በመኪናው እንዲያደርሰን ስጠይቀው፣ «ይሄን ነገር አታበረታቺው» ብሎ ካፖርቱን ለበሰ።

በሩ ተዘጋ። እናቴ ስትሸነፍ ታየኝ። እሷ ግን ስኒከሯን ከአልጋ ሥር እየጎተተች ነበር።

በማግስቱ ሥራ ቦታ ለሱፐርቫይዘሬ የቅዳሜውን ኦቨርታይም እንደማልገባ ነገርኳት። ምክንያቱን ስትጠይቀኝ የቤተሰብ ጉዳይ አልኳት። ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። የፊንችን ባስ ይዘን ወደ ምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ከሰብዌይ ሌላ ሰብዌይ፣ ከዚያ ደግሞ ባስ። እናቴ ነጠላዋን በጃኬቷ ላይ ደርባ፣ በየጣቢያው አንገቷን እያሰገገች ተጓዘች። የባሱ ሾፌር አውርዶን በእጁ ወደ ውሃው አመለከተን። የበረዶው መቅለጫ ወቅት ስለነበር መሬቱ ጭቃ ነው።

ከላይ፣ አጥሩ ጋ ቆመን ወደ ታች አየን። ሐይቁ ግራጫ ሆኖ ተዘርግቷል። ገደል በቀኝ አለ፣ በግራ አለ። ግን ያ ገደል አይደለም። በፊልሙ ልጅቷ የቆመችበት አጠገብ ሁለት ዓምድ ያለው የድንጋይ በር ነበር። እዚህ በርም ዓምድም የለም፤ ዛፎቹም በሌላ በኩል ናቸው። ወዲያ ሄድን፣ ወዲህ ተመለስን። እግሬ ራሰ።

«እማዬ፣ ምናልባት...»

«ምናልባት ምን?»

አልጨረስኩትም። እሷ ግን ጨርሳ ሰማችው። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። «አንቺም አበደች ብለሻል» አለችኝ። «ከፈለግሽ ተመለሺ። ባሱ ያው።»

በዚያ ሰዓት ውሻ ይዛ የምታልፍ አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ አገኘንና፣ እያፈርኩም ቢሆን፣ እዚህ አካባቢ ፊልም ተቀርጾ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት። ስለ ፊልም አላውቅም፣ ግን ባለፈው መኸር ትልልቅ ከባድ መኪናዎች መኪና ማቆሚያውን ዘግተውብን ነበር፣ ፈረሶችም አይቻለሁ አለችኝ።

«ምን አለች?»

«ፈረስ አይታለች።»

እናቴ እርጥቡ ሣር ላይ ቁጢጥ ብላ ተቀመጠችና ገደሉን ከዚያ ሆና አየች። ከዚያ ጣቷን ወደ ሐይቁ ዳርቻ ቀሰረች። «ልጅቷን ያየናት ከታች ነው» አለች። «ሽቅብ ነው ያየናት። የፈረሱ ሆድ ይታይ ነበር።»

እውነቷን ነበር። እኔ ስንት ጊዜ ፖዝ አድርጌ አይቼ ያላስተዋልኩትን ነገር ነው የምትለው። ረጅሙን ቁልቁለት ዞረን ወደ ውሃው ወረድን። አንድ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ፣ በየመታጠፊያው ትንፋሿን እየሰበሰበች። አሸዋው ላይ ደርሰን ዞር ስንል ገደሉ ፊት ለፊታችን ቆሞ ነበር። ነጣ ያለው ግድግዳ፣ እንደ ጥርስ የወጣው አናት፣ ከመካከሉ የጎደለችው አንዷ ጥርስ። በሩ ብቻ ነው የሌለው።

እናቴ አልጮኸችም፣ እልልም አላለችም። እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ቆማ አየችው። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

በሩን ደግሞ ቁጥቋጦው ውስጥ አገኘነው። በሩን ሳይሆን ስባሪውን። ድፎ ዳቦ የሚያህል፣ ሐረግ የተቀረጸበት ግራጫ ድንጋይ በደረቀ ሣር መካከል ተጋድሞ ነበር። «ተይው ይከብድሻል» ከማለቴ እናቴ በአንድ እጇ ብድግ አደረገችው። ሁለታችንም ደነገጥን። ላባ ነው። ከታች በኩል የተሰበረው ቦታ ውስጡ ነጭ ፎም ነበር፤ እኛ ሥራ ቦታ ዓሣ በበረዶ ታሽጎ የሚመጣበት ሣጥን የሚሠራበት ያው ፎም። እናቴ ድንጋዩን ወደ ላይ ወርውራ ቀለበችውና ሳቀች። ከሳቋ ብዛት አሸዋው ላይ ተቀመጠች። እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ብዙ ዘመን ሆኖኝ ነበር።

«ተነሺ» አለችኝ በመጨረሻ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «ወንድምሽ ቤት እንሂድ።»

ቤቱ ከዚያ ሩቅ አልነበረም። እስከ ጉልበታችን ጭቃ ሆነን በሩን ስናንኳኳ ወንድሜ ራሱ ከፈተ። ዓይኑ ጫማችን ላይ አረፈ። እናቴ ሳታወልቅ፣ ያንን ነጭ ምንጣፍ አቋርጣ ገባችና ድንጋዩን የመስተዋት ጠረጴዛው ላይ ልታስቀምጥ ስትል ወንድሜ «እማዬ፣ ጠረጴዛው!» ብሎ ዘለለ። ከእጇ ሊቀበላት በሁለት እጁ ጠንክሮ ሲያነሳው ድንጋዩ ወደ ላይ ወጣና አገጩን መታው። ሚስቱ ከኩሽና ብቅ ብላ ነበርና ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ተመልሳ ገባች።

ሁሉንም ነገርኩት። ሴትዮዋን፣ ፈረሱን፣ ከታች ሆነን ያየነውን። ወንድሜ ስባሪውን አገላበጠው። ከዚያ፣ «እሺ፣ ቦታው ልክ ነው እንበል» አለ። «ግን የጥንቆላ ፊልም ነው። ሰው ምን ይላል? በዚህ ዕድሜዋ...»

«መጀመሪያ አበደች አልክ» አለች እናቴ። «አሁን ደግሞ ጠንቋይ አልክ። ነገ ምን ልትለኝ ነው?»

«ለአንቺ ብዬ ነው፣ እማዬ።»

«ልጅ ሳለሁ አባቴን ፈራሁ። ሳገባ አባትህን ፈራሁ። ከዚያ የቀበሌውን ካድሬ ፈራሁ፤ ሱቄን ሲያሽግ ቆሜ አየሁት። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሬ የመጣሁት አንተን ልፈራ ነው?»

ወንድሜ ሶፋው ላይ ቁጭ አለ። ከሱ ጋር የሚሠራ የአንድ ሰው እናት በክረምት በሌሊት ልብሳቸው ወጥተው ባስ ፌርማታ ላይ መገኘታቸውን፣ ጣቶቻቸው በብርድ መጎዳታቸውን ያን ቀን ነው የነገረን። ሆስፒታል ሄዶ ጠይቋቸዋል። ልጃቸውን ማን እንደሆነ አላወቁትም አለ።

እናቴ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች። ራሱን ዳበሰችው። «የፈራኸውን ንገረኝ፣ እሰማሃለሁ» አለችው። «የወሰንከውን ግን ይዘህብኝ አትምጣ።»

ከዚያች ቀን በኋላ እናቴን የሚይዛት ጠፋ። ያቺ ጎበዝ የታሰረችበትን ቤተ መንግሥት፣ ጠንቋዩ የሚኖርበትን ዋሻ፣ ፈረሷን ውሃ ያጠጣችበትን ወንዝ ሁሉ ካላየሁ አለች። እኔም ኦቨርታይሙን ተውኩትና፣ ካሴቱን ፖዝ እያደረግን፣ ሰው እየጠየቅን በጋውን በባስ ስንዞር ከረምን። ቤተ መንግሥቱ ከተማው መካከል ኮረብታ ላይ ያለ የአንድ የጥንት ባለጠጋ ቤት ሆኖ ተገኘ። እናቴ መጋረጃዎቹን በጣቷ እያሸች ክፍል ለክፍል ዞረችና፣ «ቤቱስ ያምራል፤ ጨርቁን ግን አታለዋቸዋል» አለች። ወንዙን ከድልድይ ሥር አገኘነው፤ በቴሌቪዥን ሰፊ ነበር፣ ቀርበን ስናየው እኔ በአንድ እርምጃ ተሻገርኩት።

ዋሻው የተዘጋ የጡብ ፋብሪካ ነበር። በሽቦ ታጥሯል። እኛ በሽቦው ቀዳዳ አጮልቀን የሸክላ ምድጃዎቹን ስናይ፣ የጥበቃ ልብስ የለበሰ ሰው ከወዲያ መጥቶ መቆም አይቻልም፣ የግል ንብረት ነው አለን። እኔ እንደ ልማዴ ይቅርታ ጠይቄ እጇን ያዝኩ። እናቴ አልተነቃነቀችም።

«ምን ይላል?»

«ሂዱ ይላል። የግል ነው አለ።»

«ግቢው ይሁንለት። የቆምኩበት አስፋልትም የሱ ነው ወይ? ጠይቂው።»

እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሂጂ ሲለኝ ሄጃለሁ፤ ለምን ብዬ አላውቅም። ጠየቅኩት። ሰውየው እኔን አየ፣ እናቴን አየ፣ እግራችን ሥር ያለውን የእግረኛ መንገድ አየ። መንገዱ የከተማው ነው አለ። እናቴ ስትሰማ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሽቦው ተመለሰች። እስኪበቃት አየች። እኔም ከጎኗ ቆሜ አየሁ። ሰውየው ትንሽ ቆሞ ሄደ። ስንመለስ ባሱ ውስጥ የሰውየውን መልስ ለራሴ ደጋገምኩት፤ ደስ ብሎኝ መሆኑን ያወቅኩት ቤት ስንደርስ ነው።

ሰዎች ተዋናዮቹን አገኛችሁ ወይ ይሉናል። አላገኘንም። እናቴም ፈልጋ አታውቅም። «ልጅቷን አግኝቼ ምን ልላት?» ትላለች። «ሥራዋ ላይ ናት።»

ወንድሜ የያዘው አፖይንትመንት ነሐሴ ላይ ደረሰ። እኔ ይሰረዝ አልኩ። እናቴ ግን፣ «እሄዳለሁ፤ ይረፍ» አለች። ሦስታችንም ገባን። ሐኪሙ ወጣት ነበር። አንዳንድ ቃላት ነግሯት ቆይቶ ጠየቃት፤ አንዱንም አልሳተችም። ሰዓት ሥዪ አላት፤ ሣለች። ከዚያ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን ጠየቃት። እናቴ ያለ ማመንታት መለሰች። ስተረጉምለት ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠና በሐዘኔታ አያት። ዓመቱን በስምንት አጉድላዋለች፤ ቀኑም አልገጠመም።

«ምነው ፊቱ ጠቆረ?» አለች።

ወንድሜ ነው የቀደመኝ። ከወንበሩ ተነስቶ፣ በእንግሊዝኛ፣ «ዶክተር፣ ልክ ናት» አለው። የራሳችን አቆጣጠር እንዳለን፣ የተናገረችው ቀን በዚያ አቆጣጠር የዛሬው ቀን መሆኑን አስረዳው። ድምፁ ውስጥ ቁጣ ነበር፤ የልጅ ቁጣ። ሐኪሙ ቀላ፣ ሳቀ፣ ይቅርታ ጠየቀ። እናቴ ምን እንደተባለ ሲነገራት ወደ ሐኪሙ ዞራ፣ «ይማራል፣ ገና ልጅ ነው» አለች። ያንን አልተረጎምነውም።

በዚያው መኸር እናቴ ብቻዋን መውጣት ጀመረች። በባሱ ቁጥርና በሕንፃዎቹ መልክ እየለየች፣ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን፣ ቀጥሎ ገበያ፣ ቀጥሎ እኔም የማላውቀው ቦታ። አንድ የእረፍት ቀኔ ወንድሜ ስልክ ደወለ።

«እማዬን አቅርቢልኝ።»

«የለችም፤ ወጥታለች።»

«ከማን ጋር?»

«ከራሷ ጋር።»

«ብቻዋን ለቀቅሻት? የት ነው የሄደችው?»

«አልጠየቅኳትም፣ ጋሼ። አንተም ስትመጣ አትጠይቃት» አልኩትና፣ እሱ ሳይዘጋ ስልኩን ዘጋሁት።